«ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይሰጡታል?» ብላችሁ ጠይቁን

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለሚከታተሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ቴራፒስቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ኦቲዝም ያለበት የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረኝ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ክብደቱን መዝነዋል፣ ቁመቱን ለክተዋል፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቀዋል፣ ስንት ቃል እንደሚናገር በመዝገቡ ላይ አስፍረዋል፤ እናንተ ካዘዛችሁለት ሌላ ቤት ውስጥ ምን እንደምሰጠው ግን ለረጅም ጊዜ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም። ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ዝምታ ነው። ዝምታው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ከሌሎች ወላጆች ጋር በተጨዋወትኩ ቁጥር አረጋግጫለሁ፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በልጁ ገላ ላይ እንደሆነ ደግሞ በራሴ ልጅ አይቻለሁ።

ልጄ 5 ዓመት ከሞላው በኋላ ሆዱ መላላት ጀመረ። በቀን አራት አምስት ጊዜ ልብሱን እቀይርለት ነበር፤ ሕመሙን በቃል መግለጽ ስለማይችል ሆዱን በጡጫ ይመታ ነበር። የሰገራ ምርመራ ተደረገለት፣ ምንም አልተገኘም። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ደም እንዲቀዳ አዘዙ። ልጄ እንግዳ እጅ ሲነካው እንደ እሳት የሚያቃጥለው ልጅ ነው፤ ሁለት ነርሶች እግሩንና ትከሻውን ይዘው፣ እኔ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አጣብቄ፣ መርፌው ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ገባ። ያን ጊዜ ወንበሩ ሥር ባስቀመጥኩት ቦርሳ ውስጥ፣ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ጣሳ ዱቄት ነበር። ቫይታሚን ቢ6 እና ማግኒዚየም የተቀላቀለበት፣ በጭማቂ እየበጠበጥኩ ጠዋትና ማታ የምሰጠው ዱቄት ነው። ማግኒዚየም ሲበዛ ሆድን እንደሚያላላ እናንተ በደንብ ታውቃላችሁ፤ ለሆድ ድርቀት ራሳችሁ የምታዙት ነገር ነው። ሐኪሙ ግን የጠየቁኝ «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብለው ነበር፤ እኔም «የለም» አልኩ።

ጣሳው ላይ የተጻፈው «የምግብ ማሟያ» የሚል ስለነበር የዋሸሁ አልመሰለኝም። ሆኖም ዝም ያልኩት በስያሜው ምክንያት ብቻ ነው ብል እውነቱን አልተናገርኩም። ከዚያ ቀደም ብዬ ወደ ሌላ ሐኪም ሄጄ ስለ ምግብ ለውጥ ስጠይቃቸው፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «እንዲህ ያለውን ነገር ይተዉት፤ ኦቲዝም መድኃኒት የለውም» ብለው መልሰውልኛል። የተናገሩት ስሕተት አልነበረበትም። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ተምሬ የወጣሁት ለሐኪም የማይነገር ነገር እንዳለ ነው።

ወደ እነዚህ ነገሮች የምንሄደው የዋህ ወይም ያልተማርን ስለሆንን የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የምርመራው ውጤት የሚነገርበትን ቀን አብራችሁኝ አስቡት። አንድ ወረቀት ተሰጠኝ፤ በወረቀቱ ላይ የንግግር ሕክምና እንደሚያስፈልገው ተጽፏል፤ የንግግር ሕክምናው ተራ የሚደርሰን ከሰባት ወር በኋላ ነበር። የልጅ አእምሮ በለጋነቱ ብዙ እንደሚቀበል፣ ቶሎ መጀመር እንደሚጠቅም በዚያው ቀን ተነግሮኝ፣ በዚያው ቀን ሰባት ወር ጠብቂ ተባልኩ። በእነዚያ ሰባት ወራት ስልክ የሚያነሣልኝ፣ የልጄን ስም ጠርቶ እንዴት አደረ የሚለኝ፣ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው የዱቄቱ ሻጭ ብቻ ነበር። ይህን የምለው ሻጩን ለማመስገን አይደለም፤ የገባበት ክፍተት ማን የተወው ክፍተት እንደሆነ እንድታዩት ነው።

ከዚህም የቆየ ምክንያት አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሊዮ ካነር የተባለ የልጆች የአእምሮ ሐኪም በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ለኦቲዝም ስም ከሰጠው በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የሙያው ሰዎች ጥፋቱን በእናቶች ላይ ይጥሉ ነበር፤ ልጁ የተዘጋው እናቱ ስለቀዘቀዘችበት ነው ይባል ነበር። ይህን አስተሳሰብ በ1960ዎቹ ፊት ለፊት ከተቃወሙት አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። የኦቲዝም መነሻ በአእምሮ አፈጣጠር ውስጥ እንጂ በእናት ፍቅር ማነስ አለመሆኑን ተከራክሮ፣ እናቶችን ከዚያ ሸክም ካወጡት ሰዎች ተቆጥሯል። ይኸው ሰው ነው በኋላ ዘመኑ ከፍተኛ መጠን ያለው ቢ6 ከማግኒዚየም ጋር ለልጆች እንዲሰጥ አጥብቆ የሚደግፍ የሆነው። በእኔ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ጣሳ የዘር ሐረጉ እስከዚያ ይደርሳል። በወላጅ ዓይን ስታዩት፣ ሙያው ሲወነጅለን ያመነን ሰው የነገረንን ነገር ሙያው «ማስረጃው አይበቃም» ስላለን ብቻ መጣል ቀላል አይደለም። ማስረጃው በእርግጥ አይበቃም፤ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም አይስማማም። ነገር ግን ይህን የሚነግረን ሰው ታሪኩንም የሚያውቅ ቢሆን እንሰማዋለን።

ስለ ማስረጃ ካነሣሁ፣ ለእኔ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የከፈተልኝ የሴክሬቲን ታሪክ ነው። ሴክሬቲን ቆሽት (ፓንክሪያስ) ፈሳሹን እንዲያመነጭ የሚያደርግ የአንጀት ሆርሞን ነው። በ1998 ለሆድ ምርመራ ሲባል ይህ ሆርሞን የተሰጣቸው ሦስት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ንግግራቸውና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት እንደተሻሻለ ተጻፈ። ወሬው በአንድ ጊዜ ተዛመተ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም ተወጉት። በዓመቱ፣ በ1999፣ 60 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ሴክሬቲን፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ ብቻ ተወጉ፤ ማን ምን እንደተወጋ ወላጆቹም መርማሪዎቹም አያውቁም ነበር። ሲታይ በሁለቱም ወገን ያሉ ልጆች በተቀራራቢ መጠን ተሻሽለው ተገኙ። የጨው ውኃ የተወጉትም ጭምር ማለት ነው። ይህን ጨምሮ የተደረጉት 16 ሙከራዎች ከ900 በላይ ልጆችን አካትተው ያገኙት ውጤት ያው ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ በ1999ኙ ጥናት ከተሳተፉት ወላጆች 69 በመቶው፣ ውጤቱ ከተነገራቸውም በኋላ፣ ሴክሬቲን ለልጃቸው እንዲሰጥ ያላቸው ፍላጎት አልቀረም። እነዚህን ወላጆች አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ባላውቅም እኔ ነኝ። ልጃቸው ዓይናቸውን ሲያይ አይተዋል፤ ያዩትን ነገር ቁጥር አያስጥላቸውም።

ያዩት ደግሞ ሐሰት አልነበረም። ልጆቻችን ያድጋሉ። አንድ ሳምንት ሁሉ ነገር ይከፋል፣ ሌላ ሳምንት ይረግባል። እኛ አዲስ ነገር የምንጀምረው ሁልጊዜ በከፋው ሳምንት ነው፤ ሲብስበት፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ራሱን ሲመታ። ከከፋው ሳምንት በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተሻለ ሳምንት ስለሆነ፣ ምስጋናውን የሚወስደው በመካከሉ የተሰጠው ነገር ይሆናል። በዚያ ላይ ዱቄቱን የጀመርኩበት ወር የንግግር ሕክምናውም ተራ የደረሰበት ወር ነበር። «ውኃ» የሚለውን ቃል ያመጣለት የትኛው ነው? ያኔ ብትጠይቁኝ ያለማመንታት ዱቄቱ ነው እላችሁ ነበር።

አሁን በግልጽ መናገር ያለብኝ፣ ሁሉም አማራጭ የሚባል ነገር በአንድ ዓይን የሚታይ አለመሆኑን ነው። የማይጠቅም ግን የማይጎዳ አለ፣ ትንሽ የሚጠቅም አለ፣ የሚገድልም አለ። እናንተ ሦስቱንም በአንድ ቃል «ከንቱ ነው» ብላችሁ ስታልፉት፣ ወላጁ የዓሣ ዘይቱ እንዳልጎዳው አይቶ ስለ መርዙም የነገራችሁትን አያምንም። እንደ ሜርኩሪ ያሉ ከባድ ብረቶችን ከሰውነት ያወጣል በሚባለው ኪሌሽን የሆነውን እዩ። ኦቲዝም የሚመጣው በሜርኩሪ ነው፣ ሜርኩሪውም ከክትባት ነው ከሚል እምነት የተነሣ በብዙ ልጆች ላይ ተደርጓል። በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ኢዲቲኤ የሚባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ሲሰጠው፣ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ ልቡ ቆሞ ሞቷል። ክትባት ኦቲዝምን ያመጣል የሚለው እምነትም ቢሆን መሠረት የለውም፤ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ ነበር፣ በ2010 በአሳታሚው ተሽሯል፤ በ2019 የወጣው የዴንማርክ ጥናት 657,461 ልጆችን ተከታትሎ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አሳይቷል።

ከዚህ የባሰው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ነው። በማዕድን ስም ተጠርቶ፣ በጠብታ ተቆጥሮ፣ ለልጆች በአፍና በኋላ በኩል እንዲሰጥ የሚሸጠው ይህ ነገር በፋብሪካ ለማንጫ የሚያገለግል ኬሚካል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 አስጠንቅቋል፣ በ2019 ደግሞ እንደገና አስጠንቅቋል። ሻጮቹ ልጁ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ይላሉ፤ ከሰገራው ጋር የሚወጣውን ነጭ ክር መሰል ነገር ትል ነው ብለው ያሳምናሉ። የተቃጠለ አንጀት የሚጥለው ልባስ እንደሆነ ለወላጁ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ይህን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ፣ ይህን ነገር እየሰጣችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሙና ለሐኪም ተናገሩ፤ እፍረቱ ያልፋል።

ስለ ስንዴና ወተት ክልከላ ሰፋ አድርጌ አልጽፍም። ግሉተንና ኬዚን ያለበትን ምግብ ማስቀረት የኦቲዝምን ዋና ዋና ምልክቶች እንደሚለውጥ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ የስንዴ አለመስማማት በሽታ በምርመራ ለተገኘበት ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚያሳስበኝ፣ ብዙዎቹ ልጆቻችን ቀድሞውንም አራት አምስት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበሉ መሆናቸው ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ስትወስዱበት የሚተርፈውን ማን ይቆጥርለታል? ወላጁ ይህን የሚሞክር ከሆነ ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲውን የሚያሰላለት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ያም ባለሙያ የሚገኘው ወላጁ እየሞከረ እንደሆነ ለመናገር ካልፈራ ነው።

በሌላ በኩል ሜላቶኒን አለ። ይህም እንደ ማሟያ በየመደርደሪያው ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ የሚሸጥ ነገር ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የመኝታ ሥርዓትን ማስተካከል ብቻውን ካልበቃ ሜላቶኒን እንዲሞከር መክሯል። እኔ ይህን የሰማሁት ልጄ ለሁለት ዓመት ያህል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እየተነሣ ከቆየ በኋላ ነው። ማሟያ የሚባል ነገር ሁሉ በጭፍን ስለሚወገዝ፣ የሚጠቅመውም ከእኛ ተሰውሮ ይቀራል ማለት ነው። እናንተ የምታዙት ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞልም ቢሆኑ ለኦቲዝሙ ራሱ አይደለም፣ ለብርቱ ቁጣና ለራስ መምታት ነው የተፈቀዱት፤ ክብደትም ይጨምራሉ። ይህን ፊት ለፊት ስትነግሩን ክብራችሁ አይቀንስም። የራሳችሁን መድኃኒት ድንበር የሚናገር ሐኪም ስለሌላው ሲናገርም ይታመናል።

እኔን ከዝምታው ያወጣችኝ አንዲት ነርስ ናት። ከደሙ ምርመራ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልጄ ሚዛኑ ላይ ለመቆም እምቢ ብሎ እየጠበቅነው ሳለ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ «ብዙ ወላጆች ቤት ውስጥ ሌላም ነገር ይሞክራሉ፤ እርስዎስ ምን ይሰጡታል? ዕቃውን ይዘውት ከሆነ አብረን እናንብበው» አለችኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁት። ጣሳውን አዙራ ጀርባውን አነበበች፣ የማንኪያውን መጠን ጠየቀች፣ በወረቀት ላይ አባዛችው። በዕድሜው ሊወስድ ከሚገባው ማሟያ ማግኒዚየም ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አልተቆጣችኝም። ከዚያ ስለ ቢ6 ነገረችኝ፤ በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የእጅና የእግር ነርቭን እንደሚጎዳ፣ መጀመሪያ የሚታወቀውም በመደንዘዝ እንደሆነ። ቀጥላም «እሱ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ ብሎ ሊነግረን አይችልም» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር እስካሁን እሰማዋለሁ። ዱቄቱን አቆምኩ፤ በአራተኛው ቀን ሆዱ ጠና።

ኋላ የዓሣ ዘይት ልሞክር ስላት አልከለከለችኝም። የተደረጉት ሙከራዎች ብዙ ተስፋ እንደማይሰጡ ነግራኝ፣ እሞክራለሁ ካልኩ ግን እንዴት እንደምሞክር አሳየችኝ። ለ12 ሳምንት ሌላ ምንም አዲስ ነገር ላልጀምር ተስማማን። በደብተር ሦስት ነገር ብቻ እንድጽፍ አደረገች፤ የተኛበትን ሰዓት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተረበሸ፣ የሚፈልገውን ለማሳየት ስንት ጊዜ እጄን ይዞ እንደመራኝ። አስተማሪውንም፣ ዘይቱን መጀመሬን ሳልነግራት፣ እነዚህኑ እንድትመዘግብልኝ እንድጠይቃት መከረችኝ። ሲያልቅ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግተን አየናቸው። በእኔ ደብተር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በደስታ የተሞሉ ናቸው፤ በአስተማሪዋ ደብተር እነዚያ ሳምንታት ከፊተኞቹም ከኋለኞቹም አይለዩም። ማንም ሳያስገድደኝ ዘይቱን ተውኩት። ከሥራችሁ የምመኘው ይህን ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለውን ተስፋ ሳትነጥቁኝ፣ የማይበትን መነጽር ስጡኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ በጀት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ከሚለው መስመር ሥር ሌላ መስመር ጨምሩ፤ ማሟያ፣ ዕፅ፣ ጠብታ፣ ቅባት፣ የምግብ ክልከላ፣ መሣሪያ ብሎ በስማቸው የሚጠራቸው መስመር። ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በየቀጠሮው ይደገም፤ በመጋቢት ያልሰጠሁትን በሰኔ ልጀምር እችላለሁና። የመውደቅ በሽታ መድኃኒት ለሚወስዱ ልጆች ደግሞ ከዚህም በላይ ይጥበቅ፤ አንዳንድ ዕፅ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚያሳንስ ወላጁ ያላወቀው ነገር ልጁን ሊጥለው ይችላል። መልስ ስንሰጣችሁ ፊታችሁ አይለወጥብን። የሚገድለውን «ይገድላል» በሉን፤ ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2013 ሴክሬቲንን፣ ኪሌሽንንና በከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ኦክስጅንን ለኦቲዝም በምንም ሁኔታ አትጠቀሙ ብሎ በስማቸው ጠርቶ እንደጻፈው፣ እናንተም በስማቸው ጥሯቸው። የማይጎዳውን ደግሞ የማይጎዳ መሆኑን ነግራችሁን፣ ገንዘባችንንና ጊዜያችንን ከንግግር ሕክምናው እየወሰደ እንደሆነ አብራችሁን አስሉልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለነዚህ ነገሮች ስንነጋገር ልጁ በክፍሉ ውስጥ ነው። አፉ ባይናገርም ጆሮው ይሰማል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች፣ በልጅነታቸው ስለ እነሱ እንደሚወጣ መርዝ፣ እንደሚነቀል አረም ሲወራ ሲሰሙ ያደሩበትን ስሜት ሲናገሩ ሰምቼ፣ ልጄ ፊት ምን ምን ብዬ እንደነበር አስታውሼ አልቅሻለሁ። ሻጮቹ የሚናገሩት በዚህ ቋንቋ ነው፤ እኛም ከእነሱ ተምረነዋል። እናንተ በሌላ ቋንቋ ስትናገሩ እኛም እንለምደዋለን።

የሚቀጥለው ቀጠሯችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጄ አሁን ማታ ማታ ሜላቶኒን ይወስዳል፤ ከእሱ ሌላ አንዲት ዘመዳችን የላከችልን፣ ገና ያልከፈትኩት አንድ ጠርሙስ ቤት አለ። ጠርሙሱንም ደብተሩንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት